በዓይኔ የመረጥሁት ግጥም በአፌ ሲከዳኝ

በ2009 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የአማርኛ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ግጥም መርጠን፣ በቃላችን አጥንተን በክፍል ፊት እንድናቀርብ አዘዙን። ውጤቱ ከ10 የሚያዝ ነበር። እኔ 48 ስንኝ ያለው ግጥም መረጥሁ፤ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን እያየሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደግመው ሰነበትሁ፤ ስሜ ሲጠራም ሰሌዳውን ከጀርባዬ አድርጌ ቆምሁ። 14ኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ምላሴ ሳላስበው ወደ 5ኛው ስንኝ ተመለሰ። አሁንም ከዚያው ቀጠልሁ፤ 14ኛው ላይ ስደርስ ግን እንደገና ወደ 5ኛው ተመለስሁ። ያንኑ ስንኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ፤ ሳቁም ክፍሉን አዳረሰው። መምህሩ «በቃሽ፣ ተቀመጪ» ሲሉኝ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ወደ ቦታዬ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም።

በቀጣዩ ዓመት፣ 10ኛ ክፍል ስገባ፣ ይኸው ሥራ እንደገና መጣ። ሁለተኛው ጊዜ ከፊተኛው እጅግ የተለየ ሆነ፤ የተለየውም ድፍረት ስለ ጨመርሁ ሳይሆን ግጥም የምመርጥበትንና የማጠናበትን መንገድ ከሥሩ ስለ ለወጥሁ ነው። በመካከሉ የሠራኋቸውን ስሕተቶች እንዳሉ እጽፋለሁ፤ ተራው ነገ የሚደርሰው ተማሪ እኔ የሄድሁበትን ጠማማ መንገድ እንዳይሄድ ከልቤ እመኛለሁ። በተለይ ለአገሬ ልጆች አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ያደገ ልጅ ግጥም ማቅረብ ያቅተዋል ተብሎ አይጠበቅም። ይህ ክብር ለእኔ ሸክም ሆኖብኝ ነበር፤ ሌላው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣውን ነገር እኔ ብቻ ያልታደልሁ ይመስለኝ ነበር። የቅኔ ተማሪ ስንት ዓመት ተርቦና ደክሞ እንደሚማር ልብ ያልሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በአመራረጤ ላይ ነበር። ያን ግጥም የመረጥሁት ከእኔ በፊት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በወላጆች ቀን አቅርቦት ሲጨበጨብለት ስላየሁ ነው። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ግጥሙም የጦርነትና የአርበኝነት ግጥም ስለሆነ እንደ ፉከራ እያንጎራጎረና እየጮኸ ሲለው ሜዳው ተናወጠ። እኔም ግጥሙ ራሱ ጭብጨባውን ይዞልኝ የሚመጣ መሰለኝ። መጽሐፉን ተውሼ ስገለብጠው ገጹ ረዥም፣ ቃሉ ከባድ፣ ፊደሉ ያማረ ሆኖ ታየኝ፤ በዓይኔ ወደድሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ድምፄን አውጥቼ ሳላነበው በዚያው ቀን ስሜን አስመዘገብሁ። የግጥሙን ርእስና የገጣሚውን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግጥሙ አልነበረምና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ግጥም ስትመርጡ በአፋችሁ ምረጡ። ሦስት ወይም አራት ግጥሞችን ለዩና እያንዳንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው በሚሰማው ድምፅ አንብቡት። ምላሳችሁ የት ላይ እንደሚደናቀፍ፣ ትንፋሻችሁ የት ላይ እንደሚያጥር፣ የትኛውን ቃል ሳትረዱት እንዳለፋችሁት ወዲያው ትደርሱበታላችሁ። በዓይን ሲነበብ የሚያምር፣ በአፍ ሲባል ግን የሚያንቅ ግጥም አለ፤ በወረቀት ላይ ተራ መስሎ ሲነገር የሚያበራም አለ።

ወደ ወደቅሁበት ሳምንት ልመለስ። እኔ የምማረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ቤታችን ከከተማው ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ የአራት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ርቆ ይገኛል። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ቅዳሜ ወደ ቤቴ ሄጄ እሑድ ስንቄን ይዤ እመለሳለሁ። በዚያ ቅዳሜ ፊቴ ጠቁሮ እናቴ ዘንድ ስደርስ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። እርስዋም ብዙ አልተናገረችም፤ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ዳቦ አስይዛ ጎረቤታችን ወደ ሆኑት አረጋዊ የቅኔ መምህር ላከችኝ። መንደሩ ሁሉ የኔታ እያለ ይጠራቸዋል። ዓይናቸው ደክሞ ማስተማሩን ከተዉ ቆይተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከአጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

ዳቦውን ተቀብለው መረቁኝና «እስቲ ያንን ግጥም በዪው፣ ልጄ» አሉኝ። ጀመርሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ርቱዕ አልሽ። ምን ማለት ነው?»

«የሰው ስም መስሎኝ ነበር፣ የኔታ።»

«ቀና ማለት ነው፤ ያልተጣመመ። ሰውዬው ቀና ሆኖ ሄደ ነው የሚልሽ። አንቺ ግን ርቱዕ የሚባል ሰው ሄደ ብለሽ ነው የነገርሻቸው። አንቺ ያልገባሽን እነሱ በምን ይረዱታል?»

ከዚያ በኋላ ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ስንኝ ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ነው። ሁለቱን ስንኝ በትክክል ቋጥሮ፣ ለብቻው ወጥቶ ቆጥሮ (አሰላስሎ ደርሶ)፣ ተመልሶ ለመምህሩ ነግሮ፣ ተነቅፎና ታርሞ ሲያበቃ ነው ወደ ሦስቱ ስንኝ ወደ ዘአምላኪየ የሚሻገረው፤ ስምንት ስንኝ ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ብዙ ደረጃ አልፎ ነው። «አንቺ ጉባኤ ቃና ሳትቆጥሪ መወድስ ልትዘርፊ ተነሣሽ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘኑልኝ ይመስሉ ነበር። እኔም ያን ጊዜ 48 ስንኝ መምረጤ ከችሎታዬ ጋር ሳይሆን ከምኞቴ ጋር ተመካክሬ እንደ ሆነ ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታቀርቡ ከ16 እስከ 24 ስንኝ በቂ ነው እላለሁ። አጭር ግጥም በደንብ ሲነገር ማንም «አነሰ» አይልም፤ ረዥም ግጥም መሐል ላይ ሲሰበር ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

የኔታ ሁለተኛ ያሳዩኝ ነገር የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል ነው። አማርኛችን በጽሑፍ ጥብቀትን አይለይም፤ የገና በዓልና «ገና ነኝ» የምንለው ገና፣ የወንዝ ዋናና የነገሩ ዋና፣ ልብስ ሰፊና ሰፊ መንገድ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ። በተራ ንግግር ማንም አይሳሳትባቸውም፤ በግጥም ውስጥ ግን ቃላት ከቦታቸው ይዘዋወራሉና አንባቢ ይሳሳታል። የዚያን ግጥም ስንኝ ሳልጠቅስ ራሴ በሠራሁት ምሳሌ ላሳያችሁ፤

ጎበዝ ሲመታ ዝም ይላል፣ ፈሪ ሲመታ ይጮኻል።

«ሲመታ» የሚለውን አላልታችሁ ብታነቡት ጎበዝ ሌላውን ሲደበድብ ዝም ብሎ ይደበድባል፣ ፈሪ ግን በትር ሲያነሣ ይጮኻል ማለት ይሆናል። አጥብቃችሁ ብታነቡት ደግሞ ጎበዝ ዱላው ሲያርፍበት ይችለዋል፣ ፈሪ ግን ይጮኻል ማለት ነው። ሁለቱም ትርጉም አላቸው፤ ሁለቱም ግን አንድ አይደሉም። የቅኔ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቃል ኅብር ይሉታል፤ አንዱ ቃል ሁለት ምሥጢር ያዝላልና። ወረቀት ሁለቱንም ችሎ ይይዛል፤ አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ግጥም ጮኾ በማንበብና በዝምታ በማንበብ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ የመረጣችሁትን ግጥም በእጃችሁ ገልብጡና የሚጠብቀውን ፊደል ሁሉ ከላዩ ነጥብ አድርጉበት፤ አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍትም እንዲሁ ያደርጋሉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ቦታ ሲገጥማችሁ ገምታችሁ አትለፉ፤ መምህራችሁን ወይም በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሰው ጠይቁ።

የ10ኛ ክፍሉ ሥራ ሲታዘዝ ይህን ሁሉ አውቄ ነበር፤ ሆኖም አንድ ሌላ ስሕተት ሠራሁ፤ ይህንን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበርና እናንተ ልብ በሉት። መምህራን ሁልጊዜ «ልባችሁን የሚነካ ግጥም ምረጡ» ይላሉ። በዚያ ክረምት አያቴ ዐርፋ ነበር። ስለ አያት ሞት የሚናገር 18 ስንኝ ያለው ውብ ግጥም አገኘሁ፤ አጭር ነበር፤ ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል፤ በአፌም ይጥማል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። 11ኛው ስንኝ ላይ አሮጊቷ መቀነቷን ፈታ ለልጅ ልጇ ሳንቲም ስትሰጥ የሚል ቃል አለ፤ እዚያ ላይ በደረስሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ሞከርሁት፤ አንድ ጊዜም ሳላለቅስ አላለፍሁም። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ «ለግጥሙ ሳይሆን ለራስሽ እያለቀስሽ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። የነካኝ ግጥሙ ሳይሆን ቁስሌ ነበር፤ ቁስል ደግሞ በክፍል ፊት አይገለጥም። ያን ወረቀት አጣጥፌ በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አኖርሁት። ልብን የሚነካ ግጥም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐዘኑ ትኩስ የሆነ ነገር አትምረጡ። ስሜቱን የምታውቁት፣ ግን አሁን የማያቃጥላችሁ ነገር ይሻላል።

ሦስተኛው ግጥም የተገኘው በጓደኛዬ ጆሮ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የገለበጥኋቸውን ሦስት ግጥሞች እርስዋ ማታ ሽሮ ስታማስል አነበብሁላት፤ ስለ ግጥሞቹ አስቀድሜ ምንም አልነገርኋትም። ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ያስታወሰችውን ጠየቅኋት። ከአንዱ ምንም አላስታወሰችም። ከሁለተኛው አንድ ቃል ያዘች። ከሦስተኛው ግን ታሪኩን በሙሉ መልሳ ነገረችኝ፤ በሚያዝያ መጨረሻ ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ሞፈሩን ጠርቦ፣ ድግሩን አስተካክሎ፣ በሬዎቹን ሲያሻሽ የሚያመሽ ሰው ነበር። 20 ስንኝ፣ አምስት አርኬ (የስንኞች ክፍል)። ይህን ግጥም መረጥሁ። ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ወገልንና ድግርን የመሰሉ የእርሻ ዕቃዎችን ከመጽሐፍ ነው የሚያውቋቸው፤ እኔ ግን አባቴ ሲያበጃቸው እያየሁ አድጌአለሁ። ገጣሚው «ቀንበሩ ከምሰሶው ተደግፎ» ሲል የቤታችን ምሰሶ ይታየኛል። ይህ ከድምፅ ውበት ሁሉ ይበልጣል፤ የምትናገሩት ነገር የሚታያችሁ ከሆነ ለሚሰማችሁም ይታየዋል።

አሁን ስለ አጠናኑ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመጀመሪያዋ ሌሊት አንሥቼ በቃሌ ለመያዝ ተጣድፌ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ለአራት ቀን አንድም ስንኝ በቃሌ ለመያዝ አልሞከርሁም። በመጀመሪያው ቀን ግጥሙን በእጄ ገለበጥሁት። በሁለተኛው ቀን ወደ ስድ ንባብ ፈታሁት፤ እያንዳንዱን አርኬ ለታናሽ ወንድሜ የምነግረው አስመስዬ በራሴ ቃል ጻፍሁ። እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ገብቶኛል ያልሁት እንዳልገባኝ ዐወቅሁ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ስለ ምጣኔውና ስለ ትንፋሼ ሠራሁ።

ስለ ምጣኔ ጥቂት ማለት አለብኝ። በትምህርት ቤት የስንኝ ዓይነቶችን በስም ተምረናል፤ ሐረጉ አራት አራት ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል) የሆነው ቡሄ በሉ፣ አምስት አምስት የሆነው ሰንጎ መገን፣ ስድስት ስድስት የሆነው የወል ቤት፣ ስምንት ስምንት የሆነው ደግሞ በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የፀጋዬ ቤት ይባላል። እኔ ይህን ለፈተና ብቻ ሸምድጄው ነበር፤ ለአፍ የሚጠቅም ዕውቀት መሆኑ የገባኝ ግጥሙን በጣቴ እየቆጠርሁ ሳነብ ነው። ይህችን የራሴን የወል ቤት ተመልከቱ፤

ጮቄ ላይ ደመና፣ በረሃው ይነዳል፤
የናቴ ናፍቆት ግን፣ ከሁሉም ይከብዳል።

ፊደሉን ከቆጠራችሁ አይመጣላችሁም፤ ሳድስ ፊደል ሁልጊዜ ራሱን ችሎ አይቆጠርም፤ «ናፍቆት» በፊደል አራት፣ በአፍ ግን ሁለት ቀለም ናት። «የናቴ» ያልሁትን ደግሞ «የእናቴ» ብላችሁ አስተካክላችሁ ብታነቡት ስድስቱ ሰባት ይሆንና ስንኙ ያነክሳል። ገጣሚ ድምፅ የሚውጠው አላግባብ አይደለም፤ ሆን ብሎ የዋጠውን መልሳችሁ አታውጡበት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት «ንጹሕ አማርኛ» መናገር መስሎኝ የተዋጠውን ሁሉ ዘርዝሬ እያነበብሁ ግጥሙን ወደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለውጬው ነበር።

ሐረጉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ መቆምም ሌላ አደጋ አለው። ስድስት ብሎ ማረፍ፣ ስድስት ብሎ ማረፍ ሲደጋገም ንባቡ እንደ ወፍጮ ድምፅ አንድ ዓይነት ይሆንና አድማጭ ያንቀላፋል። ሐሳቡ በስንኙ ጫፍ ላይ ካላለቀ ቤት ቢመታም አትቁሙ፤ ድምፃችሁን ሳትጥሉ ወደሚቀጥለው ስንኝ ተሻገሩ። ሐሳቡ በስንኙ መሐል ካለቀ ግን እዚያው ዕረፉ። እኔ ሙሉ ዕረፍት የማደርግበት ቦታ ላይ ሁለት ጭረት፣ ትንፋሽ ብቻ የምወስድበት ላይ አንድ ጭረት በእርሳስ አደረግሁ፤ ሳላርፍ የማልፍበትን የስንኝ ጫፍ ደግሞ በቀስት ከቀጣዩ ጋር አገናኘሁት። ወረቀቱ ሲያልቅ የተዝረከረከ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የማነበው ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ትንፋሼንም ጭምር ነበር።

በቃሌ የያዝሁት በመንገድ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ አምስት ቦታዎችን መረጥሁ፤ ከከተማው ጫፍ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ በድንጋይ የምንሻገረውን ወንዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም፣ የአጎቴን አውድማና የእናቴን አጥር። ለእያንዳንዱ አርኬ አንድ ቦታ ሰጠሁት። ገበሬው ሰማይ የሚያይበት አርኬ ባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ ዝናቡ የሚጥልበት የመጨረሻው አርኬ የእናቴ አጥር ላይ ነው። ቅዳሜ ስሄድ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እላለሁ፤ እሑድ ስመለስ ቦታዎቹ ስለሚገለበጡ ከመጨረሻው አርኬ እጀምራለሁ። ይህ ሳላስበው ትልቅ ጥቅም ሰጠኝ። አብዛኛው ሰው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እየጀመረ ስለሚያጠና የግጥሙ መግቢያ እንደ ብረት ይጠነክርለታል፤ መጨረሻው ግን ይላላበታል፤ በሚቀርብበት ቀን ወደ ፊት በሄደ ቁጥር መሬቱ ከሥሩ እየሳሳ ይሄዳል። እኔ ግን ወደ መጨረሻው ስቀርብ ይበልጥ የማውቀው ቦታ ላይ እየደረስሁ ነበር። መንገድ የሌላችሁ የቤታችሁን ማዕዘኖች ውሰዱ፤ ዋናው ነገር አርኬዎቹ የተለያየ ቦታ ይኑራቸው፤ ከመጨረሻውም ጀምራችሁ አጥኑ።

በመጀመሪያው ዓመት ከ14 ወደ 5 ለምን እንደ ተመለስሁም ያን ጊዜ ደረስሁበት። ሁለቱ ስንኞች በአንድ ዓይነት ቃል ነበር ቤት የሚመቱት። ምላስ ድምፅን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት መድረሻ ሲያገኝ መንታ መንገድ ላይ እንደ ደረሰ እንግዳ ይሆንና ቀድሞ የለመደውን ይይዛል። ግጥማችሁን በቃል ከመያዛችሁ በፊት ቤት መድፊያዎቹን ወደ ታች ተራ በተራ አንብቧቸው፤ የሚመሳሰሉትን አክብቡ፤ ከእያንዳንዳቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ስንኝ የመጀመሪያ ቃል ለብቻው ደጋግሙት። በገበሬው ግጥም ውስጥ እንዲህ ያለ መንታ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱን ሃምሳ ጊዜ ያህል ሳልመላለስበት አልቀረሁም።

ስለ ድምፅ ደግሞ፣ የሰው ድምፅ አትዋሱ። አገራችን የቀረርቶና የፉከራ አገር ስለሆነ ግጥም የሚባል ነገር ሁሉ በጩኸት መነገር ያለበት ይመስለናል። ፉከራ የራሱ ክብርና ቦታ አለው፤ ዝናብ የሚለምን ገበሬ ግን አይፎክርም። እኔ ድምፄ ቀጭን ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ለማወፈር ስታገል ከአሥር ስንኝ በኋላ ሰለለብኝ። በሁለተኛው ዓመት ጓደኛዬ ከሜዳው ማዶ ቆማ እኔ ከወዲህ ሆኜ በራሴ ድምፅ ግጥሙን አልኩላት፤ ቃሉ ካልተሰማት እጇን ታነሣለች። መጮኽ ሳያስፈልገኝ አፌን በደንብ ከፍቼ የቃሉን መጨረሻ ካልዋጥሁ እንደምሰማ ተረዳሁ። የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ የስንኙ መድረሻ ነው፤ ትንፋሽ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነውና። ግጥሙ ቤት የሚመታውም እዚያው ላይ ስለሆነ እርሱ ካልተሰማ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ አፌ ደረቀ፤ ይህ አይቀርም፤ ዝግጅት ፍርሃትን አያጠፋውም። ግን ምን እንደማደርግ ዐውቅ ነበር። ከፊት ስቆም ወዲያው አልጀመርሁም፤ የግጥሙን ርእስና የገጣሚውን ስም ተናገርሁ፤ አንድ ጊዜ ተነፈስሁ፤ ከኋላ ወንበር በላይ ያለውን መስኮት አየሁ፤ ባሕር ዛፉን በዓይነ ኅሊናዬ አቆምሁት፤ ጀመርሁ። እባካችሁ በይቅርታ አትጀምሩ፤ «በደንብ አላጠናሁም፣ ድምፄ ታሟል» የሚል ተማሪ አድማጩን ስሕተት እንዲጠብቅ ያዘጋጀዋል። ጓደኛዬ መምህሩን አስፈቅዳ ወረቀቱን ይዛ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ከጠፋብኝ የቀጣዩን ስንኝ የመጀመሪያ ቃል ብቻ እንድትነግረኝ ተስማምተን ነበር፤ ሙሉውን ስንኝ ብትነግረኝ እርስዋን መስማት ጀምሬ ግጥሙን እጥለው ነበርና። መጠየቅ ግን አላስፈለገኝም። አውድማው ላይ ስደርስ ሁለት ስንኝ ዘለልሁ። ዘልዬ ማለፌን ወዲያው ዐወቅሁ፤ ወደ ኋላ ግን አልተመለስሁም፤ የሚቀጥለው አርኬ እናቴ አጥር ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። ስጨርስ ቁጭ ለማለት አልተጣደፍሁም፤ የመጨረሻው ቃል እስኪያርፍ ድረስ ቆሜ ቆየሁ። ከ10 ዘጠኝ አገኘሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ሄጄ ግጥሙን አልሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። በዚህ ጊዜም እዚያው አውድማ ላይ ያንኑ ሁለት ስንኝ ዘለልሁ፤ እርሳቸው ደግሞ ግጥሙን ሰምተውትም አንብበውትም አያውቁም። ሲያበቃ ጥቂት ዝም አሉና «በሬዎቹን አሻሻቸው፤ ከዚያ ዝናቡ ዘነበ። በመካከሉ ሰውዬው ምን ሆነ? እዚህ ላይ የጎደለ ነገር አለ» አሉኝ። የጎደሉት ስንኞች ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ቀንበሩን ወደ ቤት የሚመልስባቸው ነበሩ። ከአውድማው ጀምሬ፣ ሁለቱንም ስንኝ አስገብቼ፣ ቀስ ብዬ እንደገና አልሁላቸው።

«አሁን ሞላ» አሉኝ።